ከብቸና እስከ ሞጣ ስንት ሰዓት ነው?

ነገሩ የተነሣው ከማደሪያ ክፍላችን ነው። ከመካከላችን አንዱ የብቸና ልጅ ነው፤ አንዱ ደግሞ የሞጣ። አንድ ማታ ሻይ እየጠጣን ስንጨዋወት አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሦስተኛ ጓደኛችን፣ «የሁለታችሁ አገር ይቀራረባል አይደል?» ብሎ ጠየቀ። የብቸናው ልጅ፣ «እንዴታ! ጎረቤታሞች እኮ ነን» አለ። ለሞጣው ግን አልተዋጠለትም። «ኧረ የት! አያቴ በቅሎ ጭኖ ከሞጣ ብቸና ሲሄድ መንገድ ላይ ሦስት ሌሊት ያድር ነበር» አለ። የአዲስ አበባው ልጅ ሳቀ። «ሦስት ሌሊት! የእኔ አክስት ከዋሽንግተን ተነሥታ አንድ ሌሊት ብቻ አየር ላይ አድራ ቦሌ ትገባለች። እንግዲያውስ ሞጣ ለብቸና ከምትቀርበው ይልቅ ዋሽንግተን ለአዲስ አበባ ትቀርባለች ማለት ነዋ!»

ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ አላስተኛንም። የቀለደው ልጅ ተሳስቷል እንዳንል ሒሳቡ ልክ ነው፤ ልክ ነው እንዳንል ደግሞ ካርታው ይስቅብናል። ታሪክ እንማራለን የምንል ሰዎች የነገሥታቱን ዘመን በቃላችን እናውቃለን፤ የርቀትም ታሪክ እንዳለው ግን ማን ነግሮን ያውቃል? በማግሥቱ ካርታና ማስመሪያ ይዘን ተቀመጥን። ይህች ጽሑፍ የዚያ ክርክር ልጅ ናት።

በመጀመሪያ ከጥንቱ አለካክ እንነሣ። አባቶቻችን መንገድን በኪሎ ሜትር አልለኩም። የለኩት በቀን፣ በማደሪያና በስንቅ ነበር። «የግማሽ ቀን መንገድ ነው»፣ «ማልደህ ከተነሣህ ለማደሪያ ትደርሳለህ»፣ «የሦስት ቀን ስንቅ ያዝ» ይባል ነበር። ይህን ስንሰማ እኛ የዛሬ ተማሪዎች ፈገግ ማለት ይቀናናል። ነገር ግን አለካኩ የሚናቅ አይደለም። ኪሎ ሜትር የማይነግረንን ይነግረናልና፤ ዳገቱን፣ ወንዙን፣ የወቅቱን ጠባይ፣ የበቅሎዋን ጉልበት ጭምር በአንዲት ቃል ይጠቀልላል። በጥር የሁለት ቀን የነበረው መንገድ በነሐሴ የአምስት ቀን ይሆናል። ወንዙ ሞልቶ ከሆነማ ቀንም አይቆጠርለት፤ መልሱ «እስኪጎድል ድረስ» ነው። መንገደኛው የመሸበት ቤት ገብቶ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ያድራል። «ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ» የሚለውም ተረት ከእንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ የተገኘ ይመስለናል።

አሁን ወደ ብቸናና ወደ ሞጣ እንመለስ። ሁለቱም የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጮቄ ተራራና በዓባይ ሸለቆ መካከል ባለው ደጋ ላይ ተቀምጠዋል። ብቸና የዲማ ጊዮርጊስ ጎረቤት ናት፤ ሞጣ የሞጣ ጊዮርጊስ አገር ናት። በመካከላቸው ደብረ ወርቅና ግንደ ወይን አሉ። ደጋው ከሩቅ ሲታይ ሜዳ ይመስላል። ነገር ግን ከጮቄ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚወርዱ ወንዞች ደጋውን እንደ እንጀራ ጠርዝ ቆራርሰውታል። ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ ከውኃው ጋር አይሄድም፤ ውኃውን እያቋረጠ ነው የሚሄደው። አንዱን ወርዶ ወጣሁ ሲል ሌላው ይጠብቀዋል። የሞጣው ጓደኛችን አያት ሦስት ሌሊት ያደሩት ሰነፍ ስለ ነበሩ አይደለም።

ካርታው ደግሞ ምን ይላል? ብቸና በ10 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ ሰሜን፣ በ38 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ናት። ሞጣ በ11 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ሰሜን፣ በ37 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ናት። ከደቡብ ወደ ሰሜን ያለው ልዩነት 38 ደቂቃ ነው። አብራሪዎችና መርከበኞች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ከዚህ የተወለደ ነው፤ አንድ የኬክሮስ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል፣ ማለት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ሁለቱን ይዘን የሁለተኛ ደረጃ መምህሮቻችን ባስተማሩን በፒታጎራስ ሕግ ስናሰላው ቀጥታው ርቀት 79 ኪሎ ሜትር ወጣ። 80 እንበለው። በመኪናው መንገድ ግን ብቸና ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር፣ ሞጣ ደግሞ 371 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች ስለሚባል በመካከላቸው ያለው ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የተረፈውን የበሉት ወንዞቹ ናቸው።

እንግዲህ ጭነት የያዘች በቅሎ በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ብትሄድ መንገዱ አራት ቀን፣ ሦስት ሌሊት ይፈጃል። የጓደኛችን አያት አልዋሹም። በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር የሚበርረው አሮጌው ዳኮታ ግን ከከተማ ከተማ ቀጥ ብሎ ቢሄድ 18 ደቂቃ ይበቃዋል። ሻይ አፍልቶ ለመጠጣት የማይበቃ ጊዜ ነው። አራት ቀንና 18 ደቂቃ! ምድሩ ያው ምድር ነው፤ ጮቄ አልተነቃነቀም፤ ዓባይም አልጠበበም። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው? የተለወጠውስ ለማን ነው? ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህች በሁለተኛዋ ጥያቄ ላይ ነው።

አይሮፕላን አገራችን የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ «ንሥረ ተፈሪ» የተባለውን ፖቴዝ አይሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ አዲስ አበባ አመጣው። ሕዝቡ ወጥቶ ተመለከተ፤ እልል አለ። ይህ ሁሉ በታሪክ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው። ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ግን ቀጥሎ የሆነውን ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 1922 ዓ.ም.፣ አይሮፕላኑ ወደ ሰሜን ተላከ። ተሳፋሪ አልነበረበትም፤ ፖስታም አልያዘም። ራስ ጉግሣ ወሌ በሸፈቱ ጊዜ በመጀመሪያ የጳጳሳቱን ግዝት የያዘ ወረቀት፣ ቀጥሎ ቦምብ ከሰማይ ወረደባቸው፤ መጋቢት 22 ቀን አንቺም ላይ ወደቁ። ቀድሞ አዲስ አበባ ያለ ንጉሥ በጌምድር ያለ መስፍንን ለመውጋት ነጋሪት አስጎስሞ፣ ጦር አሰባስቦ፣ ስንቅ አስይዞ ሳምንታት መጓዝ ነበረበት። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ሽማግሌ ይገባል፣ ካህን መስቀል ይዞ ይወጣል፣ ሰው ይመክራል፣ ይታረቃልም። አይሮፕላኑ ርቀቱን ሲያጠፋው ያንን የመምከሪያ ጊዜም አብሮ አጠፋው።

ብዙም ሳይቆይ በ1928 ዓ.ም. ያው መሣሪያ በባሰ መልኩ መጣብን። የጣሊያን አይሮፕላኖች በወታደሩም፣ በገበሬውም፣ በከብቱም ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነቡ። ለብዙው የአገራችን ገበሬ አይሮፕላን የመጀመሪያ ጊዜ የታየው እንግዳ ይዞ ሲያርፍ አልነበረም፤ ሞት ይዞ ሲያልፍ ነው።

አየር መንገድ የመጣው ከነጻነት በኋላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲ ደብልዩ ኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ደግሞ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። የጀመረው ከጦርነቱ በተረፉ ሲ 47 አይሮፕላኖች ነበር፤ ሕዝቡ «ዳኮታ» የሚላቸው ናቸው። ውስጣቸው እንደ ዛሬው አልነበረም። አግዳሚው መቀመጫ በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ ተደርድሮ ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል፤ ጭነቱ በመካከሉ ነው። ዳኮታ ብዙ የማይመርጥ አይሮፕላን ነበር፤ ሣር ሜዳ ላይ ያርፋል፣ ከሣር ሜዳም ይነሣል። በዚህም የተነሣ መኪና ያልደረሰባቸው የአገራችን ብዙ ቦታዎች ከመኪናው በፊት አይሮፕላን አዩ። ሞጣም በዓለም አቀፉ የአየር ማረፊያዎች መዝገብ ላይ ኦ ቲ ኤ የሚል መለያ አላት። ለንደንና ኒው ዮርክ በሰፈሩበት መዝገብ ሞጣ መስፈሯን ስናይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለን። የሞጣው ጓደኛችን ለሳምንት ያህል በሌላ ስም አልጠራም ብሎ «ኦ ቲ ኤ» እየተባለ ሰነበተ።

ደስታችን ግን ካርታው ላይ መስመር ስንዘረጋ ቀዘቀዘ። የአየር መንገዱ ዋና መነሻና መድረሻ አዲስ አበባ ነው። መስመሮቹ እንደ ፀሐይ ጨረር ከመሐል ወደ ዳር ይወጣሉ፤ ዳር ከዳር ጋር ግን እምብዛም አይገናኝም። ከአዲስ አበባ ሞጣ ቀጥታው 255 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዳኮታ አንድ ሰዓት አይሞላም። ታዲያ ብቸና ያለች ልጁን ለመጠየቅ የፈለገ የሞጣ ሰው በአይሮፕላን ተሳፈረ እንበል። አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ከዚያ የጎጃምን መኪና ይዞ ጎሐ ጽዮን ይደርሳል፤ የዓባይን በረሃ በ40 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ወርዶና ወጥቶ ደጀን ይገባል፤ ከደጀን ብቸና። 80 ኪሎ ሜትር የምትርቀውን ልጁን ለማየት በአየርና በምድር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ ማለት ነው። ትኬቱን ለመግዛት የሸጠውን በሬ ሳንቆጥር! እንግዲህ ይህ ሰው በበቅሎው መሄዱ ኋላ ቀርነት ነው ወይስ ሒሳብ ማወቅ? አንባቢ ይፍረድ። ፈጣኑ ነገር የተሠራው ሞጣን ከብቸና ለማገናኘት አልነበረም። ሞጣንም ብቸናንም ከመሐል ጋር፣ መሐልንም ከውጭ ጋር ለማገናኘት ነው።

ውጭው በእርግጥ ቀረበ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የቦሌ ጣቢያ ተከፈተ፤ በ1955 ዓ.ም. የጀት አይሮፕላን አገልግሎት ጀመረ። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. ደግሞ የአየር መንገዱ አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። የበረረው ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የፈጀበት 13 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ። ባለ ሁለት ሞተር ጀት ከዚያ በፊት ያን ያህል ርቀት ሳያርፍ በርሮ ስለማያውቅ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። ይህ ርቀት የብቸናና የሞጣን ቀጥታ ርቀት 150 ጊዜ ያህል ይሆናል። በዚያ ፍጥነት ከብቸና ሞጣ ለመድረስ አምስት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ይበቃል። የዚያን አይሮፕላን መንገድ በበቅሎ እንሂድ ብንል፣ ባሕሩንም በቅሎዋ ትሻገራለች ብንል፣ ዓመት ከሁለት ወር በላይ ይፈጅብን ነበር። የአዲስ አበባው ልጅ ቀልድ ከዚህ ላይ ቁጥር ሆኖ ይመጣል፤ በሰዓት ከተቆጠረ ዋሽንግተን በእርግጥ ለአዲስ አበባ ከሞጣና ከብቸና ይልቅ ቀርባ ነበር። በክብረ ወሰኑ አንኮራም አንልም፤ እንኮራለን። ነገር ግን በዚያው ዘመን የወሎና የትግራይ ገበሬ እህል ፍለጋ ቀናት በእግሩ እየሄደ ቆረም ላይ ይወድቅ እንደ ነበር እናስታውሳለን። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ ሁለት ዓይነት ርቀት ነበር።

ከዚህ ላይ አብራሪዎች የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ለነገራችን መክፈቻ ቁልፍ ሆኖ አግኝተነዋል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባና ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በኪሎ ሜትር እኩል ናቸው፤ በጊዜ ግን እኩል አይደሉም። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ የሚመጣውን ይገፋል፣ የሚሄደውን ይከላከላል። ይህ ብቻ አይደለም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ውስጥ ደግሞ ከባድ አይሮፕላን እንደ ልቡ አይነሣም። ስለዚህ ነዳጁን ቀንሶ ይነሣል፤ ወደ አሜሪካ ሲሄድም መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ መጨመር ለረጅም ዓመታት የተለመደ ነው። ሲመጣ ግን ሳያርፍ ይገባል። አያችሁ? መምጣትና መሄድ እኩል አይደሉም። አንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይረዝማል።

የአየሩን ነገር ነፋስና ከፍታ አመጡት። የምድሩንስ? ወደ 1960 ዓ.ም. እንለፍ፤ ወደ ብቸናና ወደ ሞጣ።

በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከእርሻ ገቢ ላይ የሚከፈል አዲስ ግብር ታወጀ። የጎጃም ገበሬ በግብሩ መጠን ብቻ አልተቆጣም። ገማቾች መጥተው ማሳውን ያያሉ፣ ምርቱን ይገምታሉ ሲባል «ዛሬ ግምት፣ ነገ ቀላድ» ብሎ ጠረጠረ። ቀላድ መሬት መለኪያው ገመድ ነው፤ በደቡብ ገመዱ ካለፈ በኋላ መሬቱ ለማን እንደ ሆነ ሰምቷል። ርስቱ ከተለካ ይወሰዳል ብሎ ፈራ። በዚያ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ በልዩ ልዩ መዋጮ አስመርረውት ነበር። ስለዚህ ገማቾቹን አላስገባም አለ። አመፁ ከበረታባቸው አውራጃዎች መካከል ብቸናና ሞጣ ዋናዎቹ ናቸው። የእኛን ሦስት ሌሊት የሚያስኬድ መንገድ መልእክተኛው ሲመላለስበት፣ ገበሬው በየዛፉ ሥር እየተሰበሰበ ሲማማልበት ሰነበተ።

ገበሬው መጀመሪያ ያደረገው መተኮስ አልነበረም። አቤት ማለት ነበር። ሽማግሌዎች እየተመረጡ ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። ከሞጣ አዲስ አበባ በበቅሎ ሁለት ሳምንት ያህል ነው። መኪና ካለበት ደርሶ የተሳፈረም ቢሆን ቀናት አሉት። ይህ ግን የመንገዱ አጭሩ ክፍል ነው። ከተማ ከገቡ በኋላ ያለው ይበልጣል፤ ደጅ ጥናት! ጠዋት መሄድ፣ ከበር መቆም፣ ዛሬ አይሆንም መባል፣ ነገ መመለስ። ስንቁ ያልቃል፣ ማደሪያ ያስከፍላል፣ አገር ቤት አዝመራ ይጠብቃል። ጠረፍ ላይ ያለ ሰው ከመሐል አገር የሚርቅበትን መጠን የሚለካ የደጅ ጥናት ኪሎ ሜትር አልተሠራም እንጂ ቢሠራ፣ ከሞጣ እስከ ቤተ መንግሥት ያለው ርቀት ከዋሽንግተን ይበልጥ ነበር ብለን እናምናለን።

በተቃራኒው አቅጣጫስ? የአየር ኃይሉ ዋና ሠፈር ደብረ ዘይት ነበር። ከደብረ ዘይት ሞጣ ቀጥታው 290 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ለጦር ጀት ግማሽ ሰዓት አይሆንም። በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አይሮፕላኖች በጎጃም መንደሮች ላይ ቦምብ ጣሉ። ቤት ተቃጠለ፤ ሰውም ከብትም አለቀ። የገበሬው አቤቱታ ወደ ላይ ለመድረስ ሳምንታት ሲፈጅበት፣ መልሱ ወደ ታች በደቂቃዎች ደረሰ።

የማደሪያ ክፍላችን ክርክር ከዚህ ላይ ሲደርስ ማንም አልሳቀም። የአዲስ አበባውም ልጅ ዝም አለ። እኛ «ሩቅ» የምንለው ቃል ሁለት ነገር ተሸክሞ ኖሯል። አንደኛው በዲግሪና በደቂቃ የሚለካው ነው፤ እሱ ወዲህም ወዲያም እኩል ነው። ሁለተኛው፣ ማን ማንን በስንት ጊዜ ሊደርስበት ይችላል የሚለው ነው፤ እሱ እኩል ሆኖ አያውቅም። ብቸናና ሞጣ ለገማቹና ለቦምቡ ቅርብ ነበሩ፤ ለሐኪሙ፣ ለመምህሩና ለዳኛው ግን ሩቅ። «ሩቅ አገር» የሚባል በተፈጥሮ የለም፤ በአንድ በኩል ብቻ የተሠራ መንገድ ነው አገርን ሩቅ የሚያደርገው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል የአመፁን መጨረሻ እንናገር። ቦምቡ ገበሬውን አላንበረከከውም። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፍ ግብር ተማረ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም እንደ ታወጀው ሳይሰበሰብ ቀረ። በቅሎ ጀትን ረታች ለማለት ይዳዳናል፤ ግን የተቃጠለው መንደር ይህን እንድንል አይፈቅድልንም።

ርቀት በሰው እጅ የሚሠራና የሚፈርስ ነገር መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ምስክር ሞጣ አጠገብ አለ። ከሞጣ በስተ ሰሜን ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ በዓባይ ላይ አለ፤ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ጊዜ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጠላት መንገድ እንዳይሆን መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆነ። ጠላት ወጣ፣ ነጻነት መጣ፤ ስባሪው ግን አልተጠገነም። ለስድሳ ዓመት ያህል መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያ ማዶ ያሉ ሰዎች እየጎተቱት ይሻገር ነበር። ክፍተቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። አገሪቱ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳታርፍ በበረረችበት ዓመት ሰው እዚያ በገመድ እየተጎተተ ነበር። የተሰበረው ክፍል በ1994 ዓ.ም. በበጎ አድራጊዎች ተጠገነ፤ በ1997 ዓ.ም. ጎርፍ ወሰደው፤ በ2001 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ አጠገቡ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ያችን ጥቂት ሜትር ከ12,000 ኪሎ ሜትር ጋር አስተያዩዋት። የትኛዋ ነበረች ሩቅ?

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። የብቸና ሰው ሁሉ የሚኮራበት በላይ ዘለቀ በአምስቱ የአርበኝነት ዓመታት ይህን አገር በእግሩ ያካለለ ሰው ነው። ወንዙን፣ ገደሉን፣ የማደሪያውን ዋሻ ያውቃል። ርቀት ለእሱ ጋሻ ነበር፤ ጠላት በአይሮፕላን ቢመጣም ገደሉ ውስጥ ገብቶ ሊያወጣው አልቻለም። ከድል በኋላ ግን ከወገኑ መንግሥት ጋር ተጣላ፤ ተይዞ አዲስ አበባ ሄደ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። ዛሬ የባሕር ዳር አይሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል፤ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ። ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእግረኛውን አርበኛ ስም ለአየር ጣቢያ መስጠት ክብር ነው። ግን ከብቸናና ከሞጣ ገበሬዎች ስንቱ በዚያ በር አልፎ ይሳፈራል ብለን ብንጠይቅ ስሙን ማቃለል አይሆንብንም። እንዲያውም ስሙ ይህን እንድንጠይቅ የሚያስገድደን ይመስለናል።

ዛሬስ ከብቸና እስከ ሞጣ ስንት ሰዓት ነው? ዛሬ የመኪና መንገድ አለ፤ ሰላም ከሆነ ማልዶ የተነሣ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል። «ሰላም ከሆነ» ማለታችንን ልብ በሉልን። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዶች ደጋግመው ተዘግተዋል። መንገድ የተዘጋ ጊዜ ኪሎ ሜትሩ ያው ነው፤ ሰዓቱ ግን ወደ አያቶቻችን ዘመን ይመለሳል፤ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። በአያቶቻችን ጊዜ «ሦስት ሌሊት» የሚባል መልስ ነበረ። ለፋሲካ አገር ቤት ልገባ ነው ብሎ ሻንጣውን ያሰረ ተማሪ ግን «መቼ ይከፈታል?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ አላገኘም። የሞጣው ጓደኛችን ሻንጣ ከአልጋው ሥር እንደ ታሰረ ሳምንታት ሲቀመጥ አይተናል። በዚያ ሰሞን የአዲስ አበባው ልጅ አክስት ከዋሽንግተን መጥታ ተመልሳ ሄዳ ነበር።

ክርክራችንን ማን ረታ? ሁሉም ረታ፣ ሁሉም ተረታ። የብቸናው ልጅ «ጎረቤታሞች ነን» ያለው በካርታ ልክ ነው፤ 80 ኪሎ ሜትር ምን አላት! የሞጣው ልጅም በአያቱ ልክ ነው። የአዲስ አበባውም በአክስቱ። እኛ ግን ከዚህ በኋላ ማንም «እዚያ ሩቅ አገር» ሲለን አንዲት ጥያቄ ሳንጠይቅ ላናልፍ ተስማምተናል፤ ሩቅ ነው ያልከው ከየት ወደ የት ስትሄድ ነው? ስትወርድ ነው ወይስ ስትወጣ? ታሪክ ተማሪ ማስመሪያውን ካርታው ላይ ከማስቀመጡ በፊት ማን ለማን እንደሚደርስ ይጠይቅ።

ሻዩ ቀዝቅዟል። የሞጣው ልጅ ሻንጣም አሁንም ከአልጋው ሥር ነው።